ፓወር ኮንዲሽነሩ ገባ፣ ዝዝታው ግን አልወጣም

ሁሉንም ስፒና ሰካክቼ ጨረስኩ። አምፑን አበራሁ። ጆሮዬን ወደ ግራው ስፒከር አስጠጋሁ። ዝዝዝዝ። ያው ነው። ወደ ቀኙ ሄድኩ፣ እዚያም ያው። ሁለት ወር ሙሉ ሳነብለትና ሳወራለት የከረምኩት፣ የግድግዳውን መብራት ያጸዳል የተባለው ፓወር ኮንዲሽነር መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሰማያዊ መብራቱን ያበራል፣ ስፒከሮቼ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ዝዝ ይላሉ።

ዕቃው ተበላሽቶ አልነበረም። የተሠራበትን ሥራ በትክክል እየሠራ ነበር። እኔ ነኝ ለሌላ ሥራ የገዛሁት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ስድስት ሳምንታት ያገኘሁትን፣ ኮንዲሽነሩ የፈታውንም ጨርሶ ያልነካውንም፣ እንዳለ ልጻፈው። የተሳሳትኩበትንም ጭምር፣ ያውም ከሁሉ የሚበዛው እሱ ነው።

ዕቃዎቼ ብርቅ አይደሉም። በየቻናሉ 80 ዋት የሚሰጥ፣ ውስጡ ትልቅ ቶሮይዳል ትራንስፎርመር ያለው ኢንተግሬትድ አምፕ አለ። ሁለት የወለል ስፒከሮች። የሸክላ ማጫወቻ ከሙቪንግ ማግኔት ካርትሪጅ ጋር፣ ለሱም ለብቻው የተቀመጠ፣ የመርፌውን ደካማ ድምፅ ለአምፑ የሚያጎላ ትንሽ ፎኖ ፕሪአምፕ። ከኮምፒውተር ዲጂታል ሙዚቃ ተቀብሎ አምፑ ወደሚያውቀው ሲግናል የሚቀይር ዳክ። እና ቴሌቪዥኑ፣ ፊልም ስናይ ድምፁ በስፒከሮቹ እንዲወጣ በተራ የድምፅ ገመድ ከአምፑ ጋር ተያይዟል። ይህ ሁሉ መብራት የሚያገኘው ከሁለት ሶኬት፣ በሦስት ማከፋፈያ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተሰካ ነበር። ከጀርባ ብታዩት የገመድ ጎጆ ነው።

የሚያስቸግረኝ ድምፅ ደግሞ አንድ አልነበረም። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ያኔ ሁሉንም ጠቅልዬ "መብራቱ ቆሻሻ ነው" እያልኩ ነበር የማወራው። በደንብ ሲሰማ ግን ሦስት ነበሩ። አንዱ ከሁለቱም ስፒከሮች ቀን ከሌት የሚወጣው ዝዝታ ነው። ሁለተኛው ከስፒከር ሳይሆን ከአምፑ ከራሱ ሳጥን የሚመጣ ከባድ እምምም የሚል ድምፅ ነው፣ አንዳንድ ቀን ጠዋት ይነሳል፣ ዐሥር ደቂቃ ይቆይና በራሱ ይጠፋል። ሦስተኛው ሸክላ ሳዳምጥ፣ ያውም ዘፈኑ ጸጥ በሚልበት ቦታ ላይ፣ ቋ የምትል ነጠላ ድምፅ ናት። ሸክላው ተጭሮ ነው እያልኩ ስንቱን ሸክላ ሳጥብ ነበር።

ሦስት በሽታ፣ አንድ መድኃኒት። እንዲህ ነው የገዛሁት።

ስለ ዕቃው ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ስሙ ራሱ ያሳስታል። "ፓወር ኮንዲሽነር" የሚባለው አንድ ነገር አይደለም። ብዙውን ጊዜ በዚህ ስም የሚሸጠው ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለውን ረብሻ የሚያጣራ ፊልተርና ድንገተኛ የቮልቴጅ ዝላይን የሚቆርጥ ቫሪስተር አንድ ሳጥን ውስጥ የገቡበት፣ ከኋላው ብዙ ሶኬት ያለው ዕቃ ነው። የኔም ይኸው ነው። ነገር ግን ስታቢላይዘሩንም ፓወር ኮንዲሽነር የሚሉት አሉ፣ እሱ ቮልቴጅ ሲወርድና ሲወጣ የሚያስተካክለው ነው። አይሶሌሽን ትራንስፎርመርንም እንዲሁ። መብራቱን ወደ ዲሲ (ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄድ) ለውጦ እንደገና አዲስ ኤሲ (እንደ ግድግዳው መብራት የሚመላለስ) የሚያመርተው ሪጀነሬተርም በዚሁ ስም ይጠራል። አራቱ የሚፈቱት ችግር አራት የተለያየ ነው። እኔ ሳጥኑን አየሁ፣ ሶኬቶቹን ቆጠርኩ፣ ወደድኩት።

የኔው ሳጥን ውስጥ ያለውን ፊልተር ሥራ ማወቅ ደግሞ ሁሉን ነገር ግልጽ ያደርግ ነበር። መብራቱን በሚያመላልሱት ሁለት ሽቦዎች፣ በፌዝና በኒውትራል መካከል አንድ ካፓሲተር አለ። ከፌዝም ከኒውትራልም ወደ ግራውንድ፣ ማለትም ከመሬት ጋር ወደተያያዘው የጥበቃ ሽቦ፣ የሚሄዱ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። በመስመሩ ላይ ደግሞ ጥምጥም ሽቦ ያለበት ቾክ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ፊልተር በዋናነት የሚሠራው ከ150 ኪሎ ኸርዝ እስከ 30 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል ነው፣ በኤሌክትሪክ ዕቃዎች መስመር ረብሻ ላይ የወጡት ደንቦችም የሚለኩት በዚሁ ክልል ነው። የስልክ ቻርጀርና የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ወደ መስመሩ የሚረጩት አብዛኛው ኮተት እዚያ አካባቢ ነው። መብራቱ ራሱ ግን 50 ኸርዝ ነው። ፊልተሩ 50 ኸርዙን ካላሳለፈ አምፑ አይበራም። የስፒከር ዝዝታ ደግሞ 50፣ 100፣ 150 እያለ የሚሄድ የዚሁ የ50 ቤተሰብ ነው። እንግዲህ ዕቃው እንዲያሳልፍ የተሠራውን ነገር እንዲያስቀርልኝ ነበር የጠበቅኩት። ይህን አሁን ስጽፈው ያስቀኛል። ያኔ ግን አላሳቀኝም።

የመጀመሪያው ቀን ሌላም ነገር አስተማረኝ። ኮንዲሽነሩን የሰካሁት በአሮጌው ማከፋፈያ ላይ ነበር። ማታ የሸክላ ማጫወቻውን የግራውንድ ሽቦ ላጠብቅ ፎኖ ፕሪአምፑን በእጄ ጀርባ ስነካው ነዘረኝ። ኃይለኛ አይደለም፣ ቁንጥጫ ነገር ነው፣ ግን ከዚያ በፊት ነዝሮኝ አያውቅም። አዲሱ ዕቃ ከገባ በኋላ ነው የመጣው። በመጀመሪያ ኮንዲሽነሩን ነው የጠረጠርኩት። መልሼ ላሽገው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ነገሩ ያ ማከፋፈያ ግራውንድ የለውም። ሦስት ቀዳዳ ያለው ይመስላል እንጂ ውስጡ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። ቅድም ያልኳቸው ሁለቱ ትንንሽ ካፓሲተሮች ግራውንዱን መሐል አድርገው ነው የተቀመጡት። ግራውንዱ ወደ መሬት ሲሄድ ከነሱ የምታልፈው ጥቂት ከረንት እዚያው ትጠፋለች። ግራውንዱ ሲቆረጥ ግን የሳጥኑ ብረት፣ ከሱ ጋር በግራውንድ የተያያዘው ዕቃ ሁሉ ጭምር፣ የመስመሩን ቮልቴጅ ግማሽ ገደማ ይዞ ይቀመጣል። በ230 ቮልት መስመር 115 አካባቢ ማለት ነው። የምታልፈው ከረንት ከ1 ሚሊ አምፒር በታች ስለሆነች ቁንጥጫ ብቻ ትሆናለች። ስለዚህ ኮንዲሽነሩ ችግር አልፈጠረም፣ የነበረውን አሳየኝ። ያለ ግራውንድ ደግሞ ቫሪስተሮቹም ግማሽ ሥራቸውን አይሠሩም፣ ምክንያቱም አንዳንዶቹ የሚተፉት ወደ ግራውንድ ነው፤ ግራውንድ ከሌለ ወዴት ይተፉታል?

ኤሌክትሪሺያን አስመጥቼ የሶኬቱን ግራውንድ አስለካሁ። አንዱ ሶኬት ደህና ነው፣ ሁለተኛው ላይ ሽቦው ተፈትቶ ነበር። አሰርነው። ማከፋፈያዎቹን ሦስቱንም አነሳሁ። ያ ብቻውን የገንዘቡን ግማሽ ያህል ዋጋ ነበረው፣ ምንም ድምፅ ባይለውጥም።

ከዚያ ወደ ዝዝታው። ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግን ዕድሜውን የገፋ ወዳጅ አለኝ፣ ጋሼ ነው የምለው። ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣

"እና መድኃኒቱን ከገዛህ በኋላ ነው በሽታውን የምትፈልገው?" አለኝ።

"እንግዲህ ገዛሁት፣ ጋሼ፣ አሁን ምን ላድርግ?"

"ምንም አትግዛ። ንቀል።"

የምርመራው ዘዴ ይህ ብቻ ነበር፤ መንቀል። አንድ በአንድ፣ በሥርዓት፣ እየጻፉ። መጀመሪያ የድምፅ መጨመሪያውን አዞርኩ። ዝዝታው ስጨምር አብሮ ጨመረ። ይህ ማለት የሚገባው ከድምፅ መቆጣጠሪያው በፊት ነው፣ ከምንጮቹ አንዱ ጋ። ሳይለወጥ ቢቀር ኖሮ አምፑ ራሱ ውስጥ፣ የኃይል ክፍሉ ጋ ይሆን ነበር። ከዚያ የአምፑን የድምፅ ገመዶች በሙሉ አወጣሁ። ጸጥ። በጣም ጸጥ፣ ለሁለት ዓመት ያልሰማሁት ዓይነት ጸጥታ። ኮንዲሽነሩን አውጥቼ አምፑን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። አሁንም ጸጥ። ስለዚህ መብራቱ አይደለም፣ በቃ። ለሁለት ወር ስሰድበው የነበረው መብራት ነጻ ወጣ።

ገመዶቹን አንድ በአንድ መመለስ ጀመርኩ። ዳኩ፣ ጸጥ። ፎኖው፣ ትንሽ እምታ፣ እሱን ወደ በኋላ። ቴሌቪዥኑ፣ ዝዝዝዝ! ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት፣ አልሄደም። ስፒናውን ከግድግዳ ነቀልኩ፣ አሁንም አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ግራ ተጋባሁ፣ መብራት የሌለው ዕቃ እንዴት ይጮኻል? ከጀርባው ግን አንድ ገመድ ቀርቶ ነበር፣ ከጣሪያ የሚወርደው የአንቴና ገመድ። እሱን ስነቅለው ድምፁ እንደ ቢላ ተቆረጠ።

ግራውንድ ሉፕ የሚባለው ይህ ነው። አምፑ በስፒናው በኩል ከቤቱ ግራውንድ ጋር ተያይዟል። የአንቴናው ገመድ ሽፋንም ሌላ ቦታ፣ ጣሪያው አካባቢ፣ ከመሬት ጋር ተያይዟል። ሁለቱ "መሬቶች" ፍጹም አንድ ቮልቴጅ የላቸውም። በመካከላቸው የሚያገናኛቸው ደግሞ የኔው የድምፅ ገመድ ሽፋን ነው። ትንሿ ልዩነት በዚያ ሽፋን ላይ ከረንት ታስኬዳለች፣ ሽፋኑ ትንሽም ቢሆን መቋቋም ስላለው ቮልቴጅ ይፈጠራል፣ አምፑ ያንን እንደ ሙዚቃ ቆጥሮ ያጎላዋል። በመብራቱ መስመር ላይ የሚቀመጥ ፊልተር ይህን የሚያይበት መንገድ የለውም፣ ከረንቱ በሱ በኩል ብቻ አይደለምና የሚዞረው።

መፍትሔው ከኮንዲሽነሩ ጋር ሲነጻጸር ቀልድ ነው። ቴሌቪዥኑ የኦፕቲካል መውጫ አለው፣ ዳኩ ደግሞ የኦፕቲካል መግቢያ። በመካከላቸው የሚሄደው ብርሃን ነው፣ ብርሃን ግራውንድ አያስተላልፍም። አንድ ቀጭን የፕላስቲክ ገመድ ሰካሁ፣ የድሮውን የድምፅ ገመድ ጣልኩ፣ ዝዝታው ሞተ። የኦፕቲካል መውጫ የሌለው ሰው በአንቴናው ገመድ ላይ የሚገባ ጋልቫኒክ አይሶሌተር የሚባል ትንሽ ነገር አለ፣ እሱም ሥራውን ይሠራል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ግራውንድ ሉፕ ያለበት ሰው ሁሉ አንድ ቀን "የስፒናውን ግራውንድ ቁረጠው፣ ይጠፋል" የሚል መካሪ ያጋጥመዋል። እኔንም አጋጥሞኛል። እውነት ነው፣ ድምፁ ይጠፋል። ግን ያ ሽቦ እዚያ ያለው አንድ ቀን አምፑ ውስጥ ፌዙ ተላቆ ሳጥኑን ቢነካ ብሬከሩ እንዲወርድ ነው። ከቆረጥከው ብሬከሩ አይወርድም፣ ሳጥኑ 230 ቮልት ይዞ ይጠብቅሃል፣ ከሱ ጋር በድምፅ ገመድ የተያያዘው የሸክላ ማጫወቻ ክንድም አብሮ። ለሙዚቃ ብሎ እንዲህ ማድረግ እብደት ነው። እያንዳንዱ ሉፕ በሌላ መንገድ ይፈታል።

የፎኖውን ቀሪ እምታ በአጭሩ ልለፈው። ካርትሪጁ የሚያወጣው 5 ሚሊ ቮልት ገደማ ነው፣ ፎኖ ፕሪአምፑ እሱን መቶ ጊዜ ያህል ያጎላል፣ ያ በ1 ኪሎ ኸርዝ ላይ ነው። ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ተቀንሶ ስለሚቀረጽ ፕሪአምፑ ሲያጫውት መልሶ ያነሳዋል፣ 50 ኸርዝ ላይ በ17 ዴሲቤል ገደማ ማለትም በሰባት እጥፍ ተጨማሪ። ስለዚህ ትንሽ 50 ኸርዝ እንኳ እዚያ ከገባች ትገንናለች። እኔ ደግሞ ፕሪአምፑን ያስቀመጥኩት አምፑ ላይ፣ ልክ በትልቁ ትራንስፎርመር ራስ ላይ ነበር። ግማሽ ሜትር አራቅኩት። አለቀ።

አሁን የሚበዛውን ጊዜ የፈጀብኝ፣ የጠዋቱ እምምታ።

ይህ ከስፒከር አይወጣም። ድምፁን ዜሮ ላይ ብታደርገው፣ ገመዶችን ሁሉ ብትነቅል፣ አምፑ ራሱ እንደ አሮጌ ፍሪጅ ያጉረመርማል። እጅ ሲጫንበት ይንቀጠቀጣል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ፍጹም ዝም ነው። ኮንዲሽነሩ ከገባ በኋላም ሳይለወጥ ቀጠለ። ጋሼ በስልክ "ሰዓቱን ጻፍ" አለኝ። ወረቀት አምፑ ላይ ለጠፍኩ፣ በሰማሁ ቁጥር ሰዓት እጽፋለሁ። ሁለት ሳምንት። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ። ማክሰኞ የለም። ረቡዕ አንድ ሰዓት ከሃያ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ። አንድ ሁለት ጊዜም ማታ።

ወረቀቱን እህቴ አየችው። "ይሄ ምንድን ነው?" አለች። አስረዳኋት። ትንሽ አሰበችና "እነዚህ እኮ ፀጉሬን የታጠብኩባቸው ቀኖች ናቸው" አለችኝ።

በአምስት ደቂቃ አረጋገጥነው። እኔ አምፑ ላይ እጄን ጭኜ፣ እሷ ከመታጠቢያ ቤት እየጮኸች። ማድረቂያው ጠፍቷል፣ አምፑ ዝም። ማድረቂያው ሙሉ ላይ፣ አምፑ ዝም! ማድረቂያው ዝቅተኛው ላይ፣ እምምምም። ሙሉውን ኃይል ሲወስድ ምንም የለም፣ ግማሹን ሲወስድ ያጉረመርማል። በመጀመሪያ ትርጉም አይሰጥም፣ አይደል?

ምስጢሩ ብዙ የፀጉር ማድረቂያዎች ኃይላቸውን የሚቀንሱበት መንገድ ላይ ነው። ዝቅተኛው ላይ ሲደረግ አንዲት ዳዮድ መስመሩ ውስጥ ትገባለች። ዳዮዷ የሞገዱን አንድ ግማሽ ታሳልፋለች፣ ሌላውን ትዘጋለች። ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፣ ርካሽና ቀላል ዘዴ ነው። ነገር ግን ከመስመሩ የሚወሰደው ከረንት ወደ አንድ ወገን ብቻ ሆነ፣ ያ ማለት በኤሲው ላይ ዲሲ ተቀላቀለበት። ሒሳቡን ሠራሁት። 1200 ዋት የሚል ማድረቂያ በ230 ቮልት 5.2 አምፒር ይወስዳል፣ የሞገዱ ጫፍ 7.4 አምፒር ነው። ግማሹ ሞገድ ብቻ ሲቀር አማካዩ ጫፉ ለ3.14 ተካፍሎ 2.35 አምፒር ገደማ ይሆናል። ከመንገድ እስከ ሶኬቱ ያለው ሽቦ ግማሽ ኦም ቢኖረው በመስመሩ ላይ 1.2 ቮልት ያህል ዲሲ ተፈጠረ ማለት ነው። ለሌላ ዕቃ ምንም አይደለም። አምፖል አያውቀውም፣ ፍሪጅ አያውቀውም።

ቶሮይዳል ትራንስፎርመር ግን ያውቀዋል። ብረቱ እንደ ቀለበት የተጠቀለለ ነው፣ መገጣጠሚያ ክፍተት የለውም፣ ስለዚህ ማግኔት ለመሆን በጣም ቀላል ከረንት ይበቃዋል። ጥቅሙም ጉዳቱም እሱ ነው። የመጀመሪያው ጥምጥሙ ለዲሲ ያለው መቋቋም በትልልቆቹ ላይ ጥቂት ኦም ብቻ ነው፣ 1 ቮልት ዲሲ ሲመጣበት በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊ አምፒር ያልፍበታል፣ ያኔ ብረቱ ወደ አንድ ወገን ይሞላና ከዚያ በላይ አልቀበልም ይላል። በየሞገዱ አንድ ጫፍ ላይ ከረንቱ ይዘላል፣ ብረቱና ጥምጥሙ ይንቀጠቀጣሉ። እምምታው ይህ ነው። ፊልተሩ እዚህም ምንም አይፈይድም፣ ቾኩ ለዲሲ ተራ ሽቦ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህን ዲሲ መልቲሜትር ሶኬት ውስጥ አስገብቶ ልለካ የሚል ይኖራል። አትሞክሩት። በ230 ቮልት ኤሲ ላይ የተቀመጠን 1 ቮልት ዲሲ ተራ መልቲሜትር በትክክል አያነብም፣ እጅ ደግሞ ይሳሳታል። የማድረቂያው ሙከራ ይበቃል፣ ማንም ይሠራዋል።

በመጀመሪያ ያቀረብኩት መፍትሔ "ሁሌ ሙሉ ላይ አድርጊው" የሚል ነበር። የተሰጠኝን መልስ መጻፍ አያስፈልግም። ደግሞም የማታዎቹ እምምታዎች የእሷ አልነበሩም፣ ከዚያው መስመር ላይ ያለ የሌላ ሰው ማድረቂያ ወይም ሌላ ዕቃ መሆን አለበት። ስለዚህ ጋሼ ዲሲ ብሎከር ሠራልኝ። ሁለት ትልልቅ ካፓሲተሮች ተገላቢጦሽ ተያይዘው በመስመሩ ላይ ይገባሉ፣ ኤሲውን ያሳልፋሉ፣ ዲሲውን ያቆማሉ፤ ጎን ለጎን ያሉት ዳዮዶች ደግሞ አምፑ ሲበራ ከረንቱ ሲዘል ካፓሲተሮቹን ይጠብቃሉ። ግራውንድ በተያያዘበት የብረት ሳጥን ውስጥ፣ ከነፊውዙ። የግድግዳ መብራት በቀጥታ የሚያልፍበት ነገር ስለሆነ ሙያው የሌለው ሰው የሚሞክረው አይደለም፣ እኔም አልሞከርኩትም። ተሠርቶ የሚሸጥም አለ፣ አንዳንድ ፓወር ኮንዲሽነሮችም ውስጣቸው ይዘውት ይመጣሉ። የኔው አልያዘም። ሶኬቶቹን ከመቁጠር ይህን ባነብ ኖሮ!

ታዲያ ኮንዲሽነሩ ምን ሠራ?

ቋ የምትለዋን ድምፅ። ሸክላ ማጠቡን ትቼ እሷንም መጻፍ ጀመርኩ፣ በየጊዜው ፍሪጁ ሲነሳ ወይም ሲቆም የምትመጣ ሆና ተገኘች። ፍሪጁ ሲቆም ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ የሞተሩን ከረንት በድንገት ይቆርጣል፣ ሞተር ጥምጥም ስለሆነ በቀላሉ አይቆረጥም፣ በመነካኪያዎቹ መካከል ብልጭታ ይዘላል። ያ ብልጭታ በጣም አጭርና ፈጣን ነው፣ በድግግሞሽ ሲታይ እስከ ሜጋ ኸርዝ የሚዘረጋ። እንግዲህ ይህ ነው የፊልተሩ ሜዳ። ሸክላው ሳይዞር መርፌውን አንስቼ ፎኖውን ከፍቼ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ፎኖው በቀጥታ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ሳለ ፍሪጁ 14 ጊዜ ሲነሳና ሲቆም 11 ጊዜ ሰማኋት። በኮንዲሽነሩ በኩል ደግሞ ከ14 ሁለቴ ብቻ፣ እሱንም በደካማው። እነዚያ ሁለቱ ምናልባት በአየር የገቡ ናቸው፣ ገመድ እንደ አንቴና ይቀበላል። ያም ሆነ ይህ እዚህ ላይ ኮንዲሽነሩ አሸንፏል፣ ክብሩን አልነፍገውም።

"ድምፁስ ተሻሻለ?" የሚለው ጥያቄ ቀርቷል። ሁሉም ሰው የሚጠይቀው እሱን ነው። የመጀመሪያው ሳምንት እኔም ቤዙ ጠንክሯል፣ መድረኩ (ሙዚቀኞቹ ፊት ለፊቴ የቆሙ የሚመስሉበት ስፋት) ሰፍቷል እያልኩ ነበር። ዝዝታው ሳይጠፋ! ስለዚህ ራሴን ፈተንኩ። እህቴ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆና ሳንቲም እየወረወረች አምፑን አንዴ ግድግዳው ላይ፣ አንዴ ኮንዲሽነሩ ላይ ትሰካለች፣ ወይም ነቅላ እዚያው ትመልሰዋለች። እኔ አይኔን ጨፍኜ ያንኑ የዘፈን ክፍል፣ ያንኑ የድምፅ መጠን ሰምቼ እገምታለሁ። በሁለት ምሽት 16 ጊዜ። ዝም ብሎ በመገመት 12 እና ከዚያ በላይ የመምታት ዕድል 4 በመቶ ገደማ ስለሆነ 12 ካመጣሁ ልዩነቱን እየሰማሁ ነው ብለን ተስማማን። 9 አመጣሁ። ለመቀያየር አንድ ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ ጆሮ ይረሳል፣ ይህን አምናለሁ። ግን "ሰፍቷል" ያልኩት መድረክ ያን ያህል የሰፋ ቢሆን አንድ ደቂቃ አያስረሳውም ነበር።

ተቃራኒውን ወሬም ሰምቻለሁ፣ ኮንዲሽነር አምፕን ያፍናል የሚለውን። መሠረት አለው። አምፕ ከመስመሩ ከረንት የሚወስደው ያለማቋረጥ ሳይሆን በሞገዱ ጫፍ ላይ በአጭር በአጭሩ ነው፣ ካፓሲተሮቹ የሚሞሉት ያኔ ነው፣ ያ ቅጽበታዊ ከረንት ከአማካዩ ብዙ እጥፍ ይሆናል። መስመሩ ላይ ጠባብ ነገር ከገባ፣ ለምሳሌ አቅሙ ያነሰ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ወይም ሪጀነሬተር፣ ጫፉ ይጫናል። የኔው ሳጥን ግን እስከ 10 አምፒር የሚችል ተራ ፊልተር ነው። አምፔ ጮክ ብዬ ሳዳምጥ እንኳ በሜትር ስለካው 100 ዋት አይደርስም። አላፈነውም፣ አላሰፋውምም።

ስታቢላይዘር መጨመር ነበረብኝ ወይ የሚለውንም አየሁት። በሶኬት ላይ የሚሰካ የኃይል መለኪያ ለአንድ ሳምንት ትቼ ትንሹንና ትልቁን ቮልቴጅ አነበብኩ፤ 214 እና 241። ለ230 ቮልት መስመር የሚፈቀደው 10 በመቶ ወደላይና ወደታች፣ ከ207 እስከ 253 ስለሆነ እሱን ተውኩት። 180 ውስጥ የሚዋልል መስመር ያለው ሰው ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ስታቢላይዘር ነው፣ የኔ ዓይነቱ ሳጥን 180ውን ተቀብሎ 180 ነው የሚያወጣው።

አሁን ያለው አሰላለፍ እንዲህ ነው። አንድ ግራውንዱ የተረጋገጠ ሶኬት፣ ከሱ ኮንዲሽነሩ፣ ከኮንዲሽነሩ ሁሉም ዕቃ፣ አምፑም ጭምር በዲሲ ብሎከሩ በኩል። አምፑን ግድግዳው ላይ ያልመለስኩት ለድምፅ ብዬ አይደለም። ሁሉም ግራውንዱን ከአንድ ነጥብ ሲያገኝ አዲስ ሉፕ የመፈጠር ዕድሉ ይቀንሳል። በድምፅ ገመድ የተያያዙ ዕቃዎች ግማሹ ከቫሪስተር ጀርባ፣ ግማሹ ውጭ ከሆኑ ደግሞ የቮልቴጅ ዝላይ ሲመጣ ከውጪው ወደ ውስጡ በድምፅ ገመዱ ይሻገራል። ቫሪስተሩም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም፣ በመታው ዝላይ ቁጥር እያለቀ ይሄዳል። ሰማያዊው መብራት የሚያሳየው መብራት መኖሩን ብቻ ነው፤ የቫሪስተሩን ጤንነት የሚነግረው ከጎኑ ያለችው አረንጓዴዋ ናት፣ ወር በወር አያታለሁ። መብረቅ ሲያስገመግም ግን አረንጓዴም ቢሆን ስፒናውን እነቅላለሁ።

ጠዋት ጠዋት እህቴ አሁንም ዝቅተኛው ላይ አድርጋ ነው ፀጉሯን የምታደርቀው። አንዳንዴ በሩን ከፈት አድርጋ "ዛሬስ?" ትላለች። እጄን አምፑ ላይ እጭናለሁ። "የለም" እላታለሁ።